ገና ሳያገኙኝ የሚሰናበቱኝ ሽማግሌ፦ ስለ ስፓኒሽ ሰላምታ የተነሳ ክርክር

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከኤልሳልቫዶር ሰዎች ጋር በአንድ ወጥ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ስፓኒሽ የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ሰዎችን መንገድ ላይ ያገናኛል። አንዱ «ኮሞ ኤስታስ» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው «ሙይ ቢየን፣ ግራሲያስ፣ ኢ ቱ» ብሎ ደህንነቱን ይናገራል፣ ያመሰግናል፣ መልሶም ይጠይቃል። ይህን ንግግር በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን ሙሉውን ከሰው አፍ አልሰማሁትም። የምሰማው «ብዌናስ» ነው። ጠዋትም «ብዌናስ»፣ ማታም «ብዌናስ»። መልካም የተባለው ምን እንደሆነ እንኳ አይነገርም። «ኬ ታል»፣ እንዴት ነህ፣ ሲሉኝ ከልባቸው መስሎኝ ስለ ጉልበቴ ሕመም መተረክ ጀመርኩ፤ ቀና ብዬ ሳይ ጠያቂዬ ፊቱን አዙሮ ሽንኩርት ይከትፋል።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ከበታቼ ባለው ፎቅ የሚኖሩት ኤልሳልቫዶራዊ ሽማግሌ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ እንተላለፋለን። ከሩቅ ሲያዩኝ ኮፍያቸውን ነካ አድርገው «አዲዮስ» ይሉኛል። «አዲዮስ» ደህና ሁን ማለት መሆኑን ስፓኒሽ ያልተማረም ያውቃል። ሰው ገና ሳይገናኝ እንዴት ይሰናበታል? ወይስ በትሕትና ሂድልኝ እያሉኝ ነው?

ስለዚህ እንዲህ ብዬ ደመደምኩ፦ እኛ ከእንዴት አደርክ ተነስተን ቤተሰቡን፣ ልጆቹን፣ ጎረቤቱን፣ ገጠር ከሆነም ከብቱን ጠይቀን ነው ወደ ጉዳያችን የምንገባው፤ እነርሱ ግን ጥያቄውን ወርውረው መልሱን ሳይጠብቁ ያልፋሉ። ችኩል ሰላምታ ነው። ይህንኑ ኢንተርኔት ላይ ባለ መወያያ ገጽ ጻፍኩና ተሳስቼ እንደሆነ አርሙኝ አልኩ። አረሙኝም። በሦስት ቀን ውስጥ የመጣውን መልስ በየቁጥሩ እዚህ አሰፍራለሁ፤ እንዳለ አልገለብጠውም፣ በራሴ አነጋገር እተርከዋለሁ።

መልስ 1

የጻፉት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩና ኤልሳልቫዶራዊ ያገቡ እህት ናቸው። ጉልበቴን እግዚአብሔር እንዲምርልኝ ከተመኙ በኋላ በቀስታ ያዙኝ። «ብዌናስ» የሦስት ሰላምታዎች ቁራጭ ነው አሉ፤ የጠዋቱ «ብዌኖስ ዲያስ»፣ የከሰዓቱ «ብዌናስ ታርዴስ»፣ የማታው «ብዌናስ ኖቼስ»። ሦስቱም በብዙ ቁጥር የሚነገሩት መልካም ቀኖች፣ መልካም ሌሊቶች ተብለው ነው። ለምን አንድ ቀን ብቻ አልተባለም? ድሮ ሙሉው ቃል ምርቃት ነበር፣ እግዚአብሔር መልካም ቀኖችን ይስጥህ ማለት፤ ከጊዜ ብዛት ሰጪው ተቆርጦ ቀረና ስጦታው ብቻ ተረፈ አሉ። ቀጥለውም እኔኑ ጠየቁኝ፦ ጤና ይስጥልኝ ስትል የሚሰጠው ማነው፣ ስሙን ትጠራለህ? አርባ ዓመት ስለው የኖርኩት ቃል ውስጥ ባለቤቱ እንደሌለ ያን ቀን ነው ያየሁት።

መልስ 2፣ 3 እና 4

ሁለተኛው ማድሪድ የኖረ ሰው ነው። ስፔን ውስጥ ቀኑን የሚከፍለው ሰዓት ሳይሆን ምሳ ነው አለ። ምሳ ደግሞ ከቀኑ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሆነ በእኛ ሰባት ሰዓት «ብዌኖስ ዲያስ» ቢባል የሚደነቅ የለም፤ «ብዌናስ ታርዴስ» የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው። «ብዌናስ ኖቼስ» ለመግባትም ለመውጣትም ይሆናል ሲል ሦስተኛው ተነሳበት፦ የመኝታ ስንብት ብቻ ነው፣ አስተማሪዬ እንዲያ ነው ያስተማሩኝ አለ። ማድሪዱ በአራተኛው መልስ ተመልሶ መጣ። አስተማሪህ እንግሊዝኛውን ነው በስፓኒሽ ያለበሱት፤ ማታ አራት ሰዓት ላይ ምግብ ቤት ስትገባ እንግዲህ ምን ትላለህ፣ እስኪነጋ ቆመህ ትጠብቃለህ? አለው። ሦስተኛው ከዚያ ወዲያ አልተሰማም። ማድሪዱ ልክ ቢሆንም አነጋገሩን አልወደድኩለትም።

መልስ 5

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ጸሐፊው በቡና ሙያ ላይ ያለ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ለሥልጠና ሄዶ ኮሎምቢያ፣ ማኒሳሌስ ከተማ ውስጥ ሦስት ወር ኖሯል። የገባ ዕለት ቁርስ ላይ አከራዩ ሴትዮ «ኬ ማስ» አሉት። ቃል በቃል ሲፈታ ሌላስ ምን ማለት ነው። የሚጨመርለትን ምግብ የጠየቁት መስሎት ምንም አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ አላቸው። በማግስቱም ጠየቁት፣ እርሱም ያንኑ መለሰ። በሦስተኛው ቀን የሴትዮዋ ልጅ አዝና ጠጋ ብላ እናቷ ምን አድርጋው እንደሆነ ጠየቀችው። «ኬ ማስ» ለካ የኮሎምቢያ እንዴት ነህ ነው። መልሱም «ቢየን፣ ኢ ኡስቴድ» ነው፣ ደህና ነኝ፣ እርስዎስ ማለት። ሜዴሊን ሲሄድ ደግሞ «ቢየን ኦ ኬ» የሚል አጋጠመው፤ ደህና ነህ ወይስ ምን እንደማለት፣ ጥያቄው መልሱን ተሸክሞ ይመጣል።

ልቡን የነካው ሌላው ነው። ጠዋት የቡና ለቃሚዎቹ አለቃ ሲያገኙት «ኮሞ አማኔሲዮ» ይሉታል። አማኔሴር መንጋት ነው፤ እንዴት ነጋህ፣ እንዴት አነጋህ እንደማለት ያለ። እንዴት አደሩ ማለት እኮ ነው ይላል፣ አንድም ሳይጎድል፣ በትክክል የእኛው። ሌሊቱን በሰላም ማለፍ ራሱን የቻለ ወሬ የሆነበት አገር እንዳለን ሁሉ እነርሱም አላቸው። እንግሊዝኛ ሲማር ይህን የሚያክል ቃል አጥቶ ነበር፤ አንዲስ ተራራ ላይ አገኘው። ቃሉ ሜክሲኮም እንደሚነገር ጨምሯል። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጥሎ ሄደ፦ አባት የአምስት ዓመት ልጁን በአክብሮት «ኡስቴድ» ብሎ ሲጠራው ሰምቷል፤ ተቆጥቶ ነው ወይስ ቀልድ?

መልስ 6

የቋንቋ አስተማሪ መሆናቸውን የተናገሩ ሰው ናቸው የመለሱለት፤ ትንሽ ረዘም አድርገዋል፣ ግን ያዋጣል። «ኡስቴድ» የመጣው «ብዌስትራ ሜርሴድ» ከሚል የድሮ ማዕረግ ነው፤ ቸርነትዎ፣ ጸጋዎ እንደማለት ነው። ሰውየውን በቀጥታ መጥራት ድፍረት ስለሆነ ቸርነቱን ይጠሩ ነበር። ግሱ እስከ ዛሬ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከቸርነቱ ጋር ይስማማል፤ ስለዚህ «ኮሞ ኤስታስ» የነበረው ለሽማግሌ «ኮሞ ኤስታ ኡስቴድ» ይሆናል፣ ስለ ሦስተኛ ሰው እንደሚወራ። የእኛ እርስዎም ቢሆን አሉ፣ ርእስ ከሚለው የግእዝ ቃል የወጣ ነው፤ ሰውን በራሱ በኩል መጥራት። የኮሎምቢያው አባት ግን አልተቆጣም፣ አልቀለደምም። በዚያ አገር ተራራማ ክፍል «ኡስቴድ» ለእንግዳም፣ ለወንድምም፣ ለልጅም ይውላል። ቦያካ አካባቢ እንዲያውም «ሱ ሜርሴድ» የሚለው አሮጌው ማዕረግ በቤተሰብ መካከል የፍቅር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ሌላው አንተ «ቦስ» ነው። ድሮ ለመኳንንት የሚባል ነበር፤ አሜሪካ አህጉር ተሻግሮ ወርዶ ወርዶ የጓደኛ ሆነ። አርጀንቲና በሙሉ «ቦስ» ይላል፣ ሰላምታውም «ኮሞ አንዳስ» ሲሆን ክብደቱ መጨረሻው ላይ ነው። ኤልሳልቫዶርም «ቦስ» ይላል። ወጥ ቤት ውስጥ «ኬ ኦንዳ፣ ቦስ»፣ እንዴት ነህ አንተ፣ ሲሉህ እንደ እኩያ ተቀብለውሃል፣ ለሽማግሌው ግን ፈጽሞ እንዳትሞክረው አሉኝ። እኔ ለሽማግሌው እስከዚያ ቀን ድረስ ስል የኖርኩት በመጽሐፉ «ቱ» ነበር። አባቴን የሚያህሉ ሰው አንተ እያልኩ ስምንት ወር!

መልስ 7

ጋሼ ብዬ ልጥራቸው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኩባ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነበሩ። ያደጉት በወጣቶች ደሴት ነው። ቀድሞ የጥድ ደሴት ይባል የነበረው ነው። ግማሽ ቀን ይማራሉ፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ስፓኒሻቸው ከመምህር ሳይሆን ከእርሻው የመጣ ነው። መምህሩ «ኮሞ ኤስታስ ቱ» ብሎ ሲያስጠና የእርሻው ሰዎች «ኮሞ ቱ ኤስታ» ይሉ ነበር፤ አንተን ወደፊት አምጥተው፣ መጨረሻ ላይ ያለውን «ስ» ውጠው። ለፈተና አንዱን፣ ለኑሮ ሌላውን ያዝን ይላሉ።

የደሴቱ ሰላምታ «ኬ ቦላ» ነው። ወዳጅ ሲሆን «አሴሬ» ይጨመርበታል። ኦባማ በመጋቢት 2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሃቫና ሲያርፉ በትዊተር ላይ ለኩባውያን ሰላምታ ያቀረቡት በዚሁ ቃል ነበር፤ ጋሼ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ዜናውን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ። ለመምህርና ለኃላፊ ግን «አሴሬ» አይባልም፣ «ኮምፓኜሮ» ነው። ይህን ቃል ማንም ሊያስረዳቸው አላስፈለገም፤ ከአገር ቤት ጓድ እየተባባሉ ነበር የሄዱት።

መልሱ ላይ ሲደርሱ የጻፉት ነው እኔን ያቆመኝ። ኩባዊ እንዴት ነህ ሲባል ብዙ ጊዜ «አኪ፣ ኤን ላ ሉቻ» ይላል፦ እዚህ፣ ትግሉ ላይ ነኝ። መጀመሪያ የፖለቲካ መፈክር መስሏቸው በአድናቆት ይሰሙ ነበር። ቆይተው ገባቸው፤ ትግሉ የዳቦ ነው፣ የአውቶቡስ ነው፣ የሳሙና ነው። እኛ አለን እንግዲህ የምንለውን ነው የሚሉት። አንድ ተጨማሪ ነገር አሉ፦ ኩባ ውስጥ ወደ ሱቅ ወይም ወደ ሐኪም ቤት የሚገባ ሰው ከሰላምታው ጋር «ኤል ኡልቲሞ» ይላል፣ መጨረሻው ማነው ማለት ነው። አንዱ እጁን ያነሳል፤ አንተ ከእርሱ ቀጥለህ ነህ። ሰልፉ አይታይም፣ ሁሉም እንደፈለገ ተበታትኖ ይቀመጣል፣ ተራው ግን አይሳሳትም። ጋሼ አዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ላይ ዛሬም አፋቸው ሊያመልጣቸው ይደርሳል።

መልስ 8 እስከ 11

ከዚህ በኋላ ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ መንገድ ሳተ። ስምንተኛው ጋሼን ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደነበሩ ጠየቀ፤ ታላቅ ወንድሙ እዚያው ደሴት ተምሯል። ዘጠነኛው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት አነሳ፣ የወደቁት ኩባውያን ፎቶግራፍ እዚያ መኖሩን አስታወሰ፣ ከዚያም ስለ ሶማሊያው ጦርነት ረጅም ሐተታ ጀመረ። አስረኛው፣ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው፣ ይህ የሰላምታ ክር ነው፣ ታሪክ የምታወሩ ሌላ ቦታ ሂዱ አለ። አስራ አንደኛው ደግሞ ሰላምታ ላይ በተከፈተ ክር ውስጥ ሰላም ሳይል ገብቶ ሰው የሚያባርር የመጀመሪያው አንተ ነህ ብሎ ጻፈለት። አስረኛው ይቅርታ አልጠየቀም። የጦርነቱን ሐተታ ግን እኔም በሙሉ አላነበብኩትም፣ እውነቱን ለመናገር።

መልስ 12፣ 13 እና 14

አስራ ሁለተኛዋ ሎስ አንጀለስ ከሜክሲኮ ሰዎች ጋር የምትሠራ ወጣት ናት። ሜክሲካውያን ሲጠሩ ወይም ነገር ሳይሰሙ ሲቀሩ «ማንዴ» ይላሉ፣ ይዘዙኝ ማለት ነው፣ አቤት እንደምንለው ያለ አለች። እጅግ ወደደችው፤ ልጆቿንም ልታስተምር አስባለች። አስራ ሦስተኛው በቁጣ መጣ። ሜክሲኮ ውስጥ ራሱ ብዙ ሰው ይህ ቃል የባርነት ዘመን ቅሪት ነው ብሎ እንደሚጠላው፣ ልጆቹን «ኮሞ» (እንዴት) ወይም «ኬ» (ምን) በሉ የሚል ወላጅ እንዳለ ጻፈ፤ አቤትም ቢሆን ጌታና ሎሌ ከነበሩበት ጊዜ የመጣ ነው፣ ምን ያኮራል አለ። እርሷም አልተኛችለትም፦ እናቴ ስትጠራኝ አቤት የምለው ሎሌዋ ስለሆንኩ አይደለም፣ አንተ ምን ትላለህ፣ ምን ፈለግሽ? አለችው።

አስራ አራተኛዎቹ ስድስተኛው አስተማሪ ነበሩ፤ ሊያስታርቁ ሞከሩ። ቃል የተወለደበት ቤትና የሚኖርበት ቤት ይለያያል፣ «ኡስቴድ»ም የመኳንንት ማዕረግ ነበር፣ ዛሬ ግን ቲማቲም ሻጭ ለገዢዋ፣ ገዢዋም ለሻጯ ይሉታል አሉ። ማንም አልታረቀም። እኔ ከወጣቷ ጋር ነኝ፣ ሳልጠየቅ።

መልስ 15

ስጠብቀው የነበረው ይህ ነው። የአሌክሳንድሪያዋ እህት ተመልሰው መጡና ይህ ሁሉ ሲወራ ስለ ሽማግሌው «አዲዮስ» የመለሰ ሰው መጥፋቱ እንዳሳዘናቸው ተናገሩ። አማታቸው ቻላቴናንጎ በሚባል የኤልሳልቫዶር ክፍል ገበሬ ናቸው። ቃሉን እንዲፈቱላቸው አንድ ቀን ጠይቀዋቸው ነበር። «አ ዲዮስ» ሁለት ቃል ነው፤ ለእግዚአብሔር ማለት። ለእርሱ አደራ ሰጥቼሃለሁ ነው ነገሩ፣ ስንብት የሆነው ኋላ ነው። ገጠር መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ሊያወሩ ከሆነ «ብዌኖስ ዲያስ» ይባባላሉ። አንዱ ወደ ማሳው፣ ሌላው ወደ ገበያው የሚቸኩሉ ከሆነ ግን ሳይቆሙ «አዲዮስ» ተባብለው ይተላለፋሉ። እንዳላዩ ማለፍ ነው ነውሩ። ስለዚህ ሽማግሌው ሂድልኝ አላሉህም፣ አደራ እየሰጡህ ነው የሚያልፉት አሉኝ።

በዚያውም የሚጠቅሙኝን ጥቂት ቃላት ጨመሩልኝ። የኤልሳልቫዶር ሰው ነገ እንገናኝ ስትለው «ፕሪሜሮ ዲዮስ» ይልሃል፤ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር፣ እርሱ ካለ ማለት ነው። እንዴት ነህ ስትለው «ቢየን፣ ግራሲያስ አ ዲዮስ» ይልሃል፤ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወሬ ሲያበቃ «ባያ ፑዌስ» ይባላል፣ በል እንግዲህ እንደማለት። ሲለያዩ ደግሞ «ሳሉ»፣ ጤና ማለት ነው። ይህን ሁሉ በየቀኑ እየሰማህ ሰላምታቸው ችኩል ነው ማለትህ ገርሞኛል ብለው ዘጉ። ተገቢ ቁጣ ነው፤ ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

መልስ 16

ማድሪዱ በዚህኛው ለስለስ ብሎ መጣ። የስፔን ገጠርም እንደዚሁ በመተላለፍ «አዲዮስ» ይላል አለ። ከተማው ውስጥ ያለው ደግሞ «አስታ ሉዌጎ» ነው፣ በኋላ እስክንገናኝ። በሊፍት አብሮህ ሦስት ፎቅ የወጣ፣ በሕይወትህ ዳግም የማታየው ሰው ሲወርድ «አስታ ሉዌጎ» ይልሃል። የመጀመሪያው ሳምንት ሰዎቹ መቼ ሊመለሱ እንደሆነ እያሰበ ተጨንቆ ነበር።

መልስ 17 እና 18

አንድ ሰው መጥቶ ሁላችንንም ናቀን። ጊዜ እያባከናችሁ ነው፣ ቋንቋ ማለት ግስ ነው፣ እኔ ሁለት ሺህ ቃል በቃሌ ይዤ ነው የጀመርኩት፣ ለሰላምታ «ኤስቶይ ብዌኖ» ካወቃችሁ ይበቃል፣ ደህና ነኝ ማለት ነው አለ። የቡናው ሰው በአስራ ስምንተኛው መልስ በታላቅ ትሕትና አስተካከለው። ደህና ነኝ «ኤስቶይ ቢየን» ነው። «ኤስቶይ ብዌኖ» የሚል ወንድ መልኬ ያማልላል እያለ ነው፤ ስለ ወጥ ሲነገር ጣፍጧል ማለት ይሆናል። ሁለት ሺህ ቃል የያዘው ወንድማችን ይህን ስንት ጊዜ ለስንት ሴት እንደተናገረ አልነገረንም።

መልስ 19 እና 20

አጭር ናቸው። አንዱ የስልክ ሰብስቧል፦ ሜክሲኮ «ብዌኖ»፣ ስፔን «ዲጋ» ወይም «ዲጋሜ»፣ ኮሎምቢያና ፔሩ «አሎ»፣ አርጀንቲና «ኦላ»። «ኦላ» ሲጻፍ ፊቱ ላይ የማይነበብ ፊደል ስላለው ሆላ እያላችሁ የምታነቡ ተጠንቀቁ ብሏል። ሌላው ስለ ጉንጭ መሳሳም ጻፈ፤ ስፔን ሁለት ጊዜ፣ አርጀንቲና አንድ ጊዜ፣ እዚያም ወንድ ከወንድ ጋር ጭምር። ሦስት አራት ጊዜ ስመን በትከሻ የምንጨርሰውን የእኛን ሰላምታ ይዞ ቦነስ አይረስ ውስጥ አንዱን ሰው አንገቱን ሊሰብረው ነበር።

መልስ 21

ይህ ለእኔ ጉልበት የተጻፈ መድኃኒት ነው። «ኬ ታል» ሲባል ምን ልመልስ ለሚለው የወጥ ቤት ጥያቄዬ አንድ ቺካጎ ያለ የሜክሲኮ ምግብ ቤት አብሳይ ደረጃ አወጣለት። ደህና ከሆንክ «ቶዶ ቢየን» በል። ደህና ሳትሆን ማማረር ካልፈለግህ «አይ ባሞስ»፣ እየሄድን ነው። ስፔን ከሆንክ «ቲራንዶ»፣ እየጎተትን ነው እንደማለት። «ኖ ሜ ኬሆ» ካልክ አላማርርም ማለት ነው፤ ብታማርርም ይሰሙሃል ማለት አይደለም። በእውነት የሚያምህ ከሆነ «ማስ ኦ ሜኖስ» በልና አፍህን ዝጋ፤ እንዲያው ነኝ ማለት ነው። ሰው ካሰበልህ ቢላውን አስቀምጦ ምን ሆነህ ይልሃል። ያን ጊዜ ስለ ጉልበትህ ተናገር። ካላስቀመጠ ግን ሽንኩርቱ ይቀጥል።

በማግስቱ ሞከርኩት። «ማስ ኦ ሜኖስ» አልኩ። ቢላው ቆመ።

መልስ 22

አዲስ ሰው ነው፤ ከላይ ያለውን ያነበበም አይመስልም። ሲያስነጥሱ ምን ይባላል ብሎ ጠይቋል። ጋሼ ወዲያው «ሳሉድ» ብለው መለሱ፣ ማድሪዱ ስፔን ውስጥ «ሄሱስ»ም ይባላል ብሎ ጨመረ፣ ዘጠነኛው ወደ ጦርነቱ ሊመለስ ሲል አስረኛው ቀድሞ ደረሰበት። እዚያ ላይ ናቸው።

ዛሬ ጠዋት ሽማግሌው ከታች ዳቦ ይዘው ሲመጡ ቀድሜ «አዲዮስ» አልኳቸው። ኮፍያቸውን ነካ አድርገው «አዲዮስ፣ ፑዌስ» አሉና ሳይቆሙ አለፉ። እኔም ሳልቆም አለፍኩ።